በረኛው ድንቁ በእናቱ በኩል አምባውን ይወርሳል ወይስ አይወርስም?

የቀሃ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የምለቃትን ልብ ወለድ የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ተቀምጬ የሌለ አገር የምፈጥር ሰው ነኝ። ሥራ ፈት በሉኝ፣ ችግር የለም።

አገሩ ጉምአምባ ይባላል። ዙሪያው ገደል ነው፤ ገደሉን ደግሞ ጉም ይሸፍነዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ጉሙ ውስጥ ከገባ መንገዱ ይጠፋበትና እዚያው ይቀራል። ጉሙን መጀመሪያ ያስገበረው ዘርዓ ጉም የሚባል ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጉሙ የሚታዘዘው ከእሱ ለተወለደ ብቻ ነው። ታሪኩ ሲጀምር የአምባው ገዥ አበጋዝ ይርዳው ልጅ ሳይወልድ ይሞታል። ወንድሙ ፊታውራሪ አንበሴ በሕይወት አለ። ያሳደገው የጡት ልጅም አለ፣ ማንያዘዋል፣ ሁላችሁም የምትወዱት (ለምን እንደምትወዱት እኔ አይገባኝም)።

ጥያቄዬ ግን ስለ እነሱ አይደለም፣ ስለ በረኛው ነው። ድንቁ ምዕራፍ 3 ላይ ብቅ ብሎ፣ በር ከፍቶ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ የሚጠፋ ሰው ነው። በሩን ሲከፍት ግን ጉሙ ወርዶ እንደ ውሻ እግሩ ሥር ተኛለት። ያቺን መስመር ሆን ብዬ ነው ጣል ያደረግኳት፣ ማን ያያታል ብዬ። ይኸው ኢንቦክሴ ተጥለቀለቀ። ግማሹ «የአበጋዙ ዲቃላ ነው» ይለኛል፣ ግማሹ «ከሕፃንነቱ ተደብቆ ያደገ ልዑል ነው» ይላል። ልዑል የለም በእኔ አገር፣ ተረጋጉ።

ደብተሬ ላይ ያለው ሐረግ ይሄ ነው። ዘርዓ ጉም ሦስት ልጆች ወለደ፤ ማዕበል፣ ወለተ ጉምና ሀብሉ። እስከ ዛሬ የገዙት ሁሉ የማዕበል ዘሮች ናቸው። ድንቁ ግን የጥሩነሽ ልጅ ነው፤ ጥሩነሽ የገላው ልጅ፣ ገላው የአስካለ ልጅ፣ አስካለ የወለተ ጉም ልጅ። በአባቱ በኩል ከቆላ የመጣ ተራ ሰው ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ሐረግ፣ ሁለት ሦስት ሴት መሃል ገብታ፣ ሰውየው የአምባው ወራሽ ነኝ ማለት ይችላል? የፊልም ቤተ መንግሥት ሕግ አትንገሩኝ። የኛ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር?

የአዘዞዋ፦

ይችላል። እንዲያውም «በእናቱ በኩል» ብለህ መጨነቅህ ራሱ ገርሞኛል። የኛ ርስት መቼ የአባትን ብቻ ያይ ነበር? ሰው በአባቱም በእናቱም ይቆጥራል። በአባቱ እናት፣ በእናቱ አባት፣ እንደፈለገ እየተጠማዘዘ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባት ድረስ ይወጣል። ወንድ ልጅ ሴት ልጅ እኩል ነው፣ የበኩር ልጅ የተለየ ነገር የለውም። ዲቃላም ቢሆን አባቱ ልጄ ነው ካለ ድርሻ ያገኛል። ስለዚህ ወዳጆችህ «ዲቃላ ነው» ቢሉም ባይሉም ለጉዳዩ ለውጥ አያመጣም።

አሁን ሒሳቡን እየው። አንድ ሰው 2 ወላጅ፣ 4 አያት፣ 8 ቅድመ አያት፣ 16 ምንዥላት አለው። በእያንዳንዳቸው በኩል ርስት አለኝ ማለት ይችላል። የኔ አያት ዘሯን መቁጠር ስትጀምር ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ አትጨርስም ነበር። የምትቆጥረው ደግሞ ለወግ አይደለም። ከሰባት ቤት በታች ጋብቻ ክልክል ስለሆነ ማን ከማን እንደሚዛመድ ማወቅ ግድ ነው። መሬቱም በዚያው ቆጠራ ነው የሚጠየቀው። የድንቁ ምንዥላት ወለተ ጉም ናት፣ አራት ቤት። ይሄማ ቅርብ ዘመድ ነው!

ግን አንድ ነገር ለይ። ርስት ሌላ፣ ጉልት ሌላ። ርስት በደም የሚመጣ የመሬት መብት ነው። ጉልት ደግሞ ንጉሥ ለሹም ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ከዚያ መሬት ግብር የመብላት መብት ነው፤ ሹሙ ሲሻር ወይ ሲሞት ሊነሳበት ይችላል። ርስተ ጉልት የሚባል ለልጅ የሚተላለፍም ነበረ። አንተ አምባ ስትል የቱን ነው? አፈሩን ከሆነ ድንቁ ነገውኑ ይምጣና ድርሻዬን ይበል። ገዥነቱን ከሆነ ቀስ በል።

ጃንተከል ጥላ፦

የአዘዞዋ ስለ ገበሬው መሬት ያለችው ልክ ነው። ሥልጣን ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ቆመህ ማየት ትችላለህ። ከፋሲል ዘመን ጀምሮ የንጉሥ ዘር የሆኑ ወንዶች ወኅኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ወይ ሲወርድ መኳንንቱና ወታደሩ ከዚያ አንዱን አውርደው ያነግሣሉ። አየህ፣ አምባው ላይ ደም ያለው ሰው ሞልቷል። ደም ብቻውን ቢበቃ ኖሮ ሁሉም ይነግሡ ነበር። የሚወስነው ታች ያለው፣ መሰላሉን የያዘው ሰው ነው።

ለጥያቄህ የሚቀርበው ዮስጦስ ነው። በአባቱ የንጉሥ ዘር አልነበረም፤ ያለው ዝምድና በእናቱ ነው ይባላል። ሆኖም ከ1704 እስከ 1708 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ነግሦ ተቀምጧል። እንዴት? ከመንገሡ በፊት ትልቅ ሹም ነበራ፣ ጦሩም ቤተ መንግሥቱም እጁ ላይ ነበር። ሲታመም ምን ሆነ? ወታደሩ የታላቁ ኢያሱን ልጅ ዳዊትን ከወኅኒ አምጥቶ አነገሠ። አቅም እስካለው ድረስ «በእናትህ ነው» ብሎ የሚሞግተው አልተገኘም፤ አቅሙ ሲደክም ግን በአባቱ የሚቆጥር መጣበት።

ምንትዋብንም አትርሳ። ባሏ ንጉሥ በካፋ ሲሞት ልጇ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። በ1723 ዓ.ም. ልጁ ነገሠ፣ እሷም ዘውድ ጫነች፣ ወንድሟ ወልደ ልዑልም ራስ ቢትወደድ ሆነ። የቋራ ዘመዶቿ ቤተ መንግሥቱን ሞሉት። ይሄ ሁሉ የሆነው በቦታው ስለነበረች ነው። ጧት በሩን ማን ከፈተው፣ ግምጃ ቤቱን ማን ቆለፈው፣ የንጉሡን ሞት ማን ደበቀው ብለህ ጠይቅ።

እና ያንተ ሰውዬ በረኛ ነው! እኔ ብሆን ከሐረጉ ይልቅ ቁልፉ ላይ ነበር የምጽፈው።

የቀሃ ልጅ፦

ሁለታችሁም ጉድ ናችሁ። ገዥነቱን ነበር ያሰብኩት፤ አሁን ግን የአዘዞዋ ነገሩን ለሁለት ከፈለችብኝ።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ። ርስቱ ለሁሉም እኩል ከሆነ የዘርዓ ጉም ዘር እስካሁን በመቶ የሚቆጠር ይሆናል። ሁሉም ጉም ያዝዛል ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ የድንቁ ነገር ምኑ ይደንቃል? ደግሞ አንበሴ የሟቹ የእናትና የአባት ወንድም ነው። እሱ እያለ አራት ቤት ዘሎ የመጣ በረኛ እንዴት ይቀድመዋል?

ሦስት መስመር፦

ተወው ባክህ። በረኛ በረኛ ሆኖ ይቅር። ታሪክ ላይ በር የሚከፍት ሁሉ መጨረሻው ንጉሥ ከሆነ ማን በር ይከፍታል? «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ነው የሚሆንብህ። ሰውየው ደመወዙን ይብላ።

የአዘዞዋ፦

@ሦስት መስመር ተረቷ ለአንበሴም ትሠራለች፣ እሱም «ወንድሜ አበጋዝ ነበር» ነው የሚለው 😂

@የቀሃ ልጅ፣ ስለ አንበሴ። ዛሬ ፍርድ ቤት ብትወስደው አንበሴ ይረታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ እኩል እኩል። የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች ይተኩታል። ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆች ይሄዳል፣ እነሱም ከሌሉ በእነሱ ምትክ ልጆቻቸው፣ ማለትም የሟቹ ወንድምና እህት። ድንቁ ከዚህ ወረፋ ውስጥ የለም።

በድሮው ግን ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። አንበሴ የሚጠይቀው የይርዳውን ነው። ድንቁ የሚጠይቀው የይርዳውን አይደለም፤ የወለተ ጉምን ድርሻ ነው! ይርዳው ከመወለዱ በፊት ጀምሮ የማዕበል ልጆች ይዘውት የቆዩትን። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። ብዙ ትውልድ ሌላ ሰው ቢያርሰውም የዘር ሐረጉን ቆጥሮ የመጣ ሰው «የአባቴ ፋንታ የት ሄደ?» ይላል። ስለዚህ ድንቁ ከአንበሴ ጋር ወረፋ አይጋፋም፣ በሌላ በር ነው የሚገባው።

መቶ ሰው ጉም ያዝዛል ወይ ላልከው፣ አዎ ያዝዝ! ምን ችግር አለው? በርስትም እንደዚያው ነበር። መብቱ የሁሉም ነው፣ መሬቱን የያዘው ግን ጥቂቱ ነው። ብዙው ሰው ርቆ ይኖራል፣ ወይ ሐረጉን በደንብ አያውቅም፣ ወይ ለሙግት የሚሆን ገንዘብና ዘመድ የለውም፣ ወይ የያዘውን ሰው ይፈራል። እነዚያ መቶዎቹ ቆላ ወርደው ጉም ወደሌለበት ተበትነዋል በል። ጉም በሌለበት ጉም እንደሚታዘዝህ በምን ታውቃለህ? ድንቁ ያወቀው በር ላይ ስለተቀጠረ ነው። በቃ።

(ይሄ ሁሉ ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቷል፤ ተነስታችሁ ወንድማችሁን እንዳትከሱ።)

ባለህዳግ፦

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ ዕድሜዬን ከብራና ጋር ስለፈጀሁ ከዚያው በኩል ልግባ።

የጎደላችሁ ማስረጃው ነው። ድንቁ አራት ቤት ቆጠረ እንበል፤ ማን ያምነዋል? በጎንደር ዘመን መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲወረስ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ህዳግ ላይና ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ ነበር። ወንጌሉ መሃል ላይ አለ፣ በጠርዙ ደግሞ እገሌ ከእገሊት ይህን ያህል ወርቅ ሰጥቶ መሬት ገዛ የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋሱ፣ ምስክሮቹ በስም ይቆጠራሉ። አለቃው ማን እንደነበረ፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደሆነ ይጠቀሳል። ሴቶችም በሻጭነት፣ በገዢነት፣ በአውራሽነት ስማቸው ይገኛል። መጨረሻው ላይ ይህን ያፈረሰ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን የሚል ቃል ይሰፍራል። ያ ግዝት ለጌጥ አልነበረም፣ ሰው ይፈራዋል።

የቀሃ ልጅ፣ አንተን ብሆን የወለተ ጉምን ድርሻ እንዲህ ባለ ህዳግ ላይ እጽፈው ነበር። ያውም በደንብ የማይነበብ ቦታ። ቀለሙ ቀይና ጥቁር፣ አንዱ ምስክር ስሙ ተፍቆ። ብራና ሲፋቅ ቆዳው ሻካራ ሆኖ ይቀራል፣ በጣትህ ስትዳስሰው ይታወቅሃል፣ ወደ ብርሃን ብታዞረውም ያ ቦታ ሳስቶ ታየዋለህ። የፋቀው ሰው ስሙን አጥፍቷል፣ መፋቁን ግን አላጠፋም። ማነው የፋቀው? ከማዕበል ዘሮች አንዱ ነዋ።

ሙግቱን ደግሞ በተዝካሩ ላይ አድርገው። አበጋዙ በሞተ በ40ኛው ቀን ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ካህናቱ አሉ፣ ሽማግሌው አለ፣ ጠላው አለ። የኑዛዜና የውርስ ነገር የሚነሳው እንዲህ ሰው ሲሰበሰብ ነው። ዳስ ውስጥ አንበሴ ከላይ ተቀምጧል። በረኛው ነጠላውን አደግድጎ መሃል ላይ ይቆምና በበላ ልበልሃ፣ በድሮው የሙግት ሥርዓት፣ ይጀምራል። ተጠየቅ ይላል፣ ዋስ ጥራ ይላል። ሰው ይስቅበታል መጀመሪያ። ከዚያ መቁጠር ይጀምራል፤ ድንቁ የጥሩነሽ፣ ጥሩነሽ የገላው። አስካለ ጋ ሲደርስ ሳቁ ይቆማል፣ ምክንያቱም አስካለን የሚያስታውሱ አሮጊት እዚያ ተቀምጠዋል።

ጃንተከል ጥላ፦

ጋሽ ባለህዳግ፣ አመሰግናለሁ፣ ይሄ ከኔ ወኅኒ ይበልጣል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ይፍቀዱልኝ። ዳኛው ማን ይሆናል? አንበሴ ራሱ ከላይ ከተቀመጠ ፍርዱ ያለቀ ነው። ሽማግሌዎቹም የእሱን ጠላ እየጠጡ ነው።

ባለህዳግ፦

ልክ ነህ ልጄ። ለዚህ ነው ምስክሯ አሮጊት የሚያስፈልጉት። ሽማግሌ ዝም ቢል እንኳ እሳቸውን ዝም የሚያሰኝ የለም።

የቀሃ ልጅ፦

ጋሼ፣ የተፋቀውን ስም ወስጃለሁ፣ ይቅርታ አልጠይቅም 🙏

እሺ እንዲህ አደርጋለሁ። ጉሙ ለሁሉም ዘር ይታዘዛል፤ ምሥጢርም ተአምርም አይሆንም። አምባው ላይ ያሉት ይህን ያውቃሉ፣ ለዚህም ነው የወለተ ጉምና የሀብሉን ዘሮች ቀስ በቀስ ወደ ቆላ የሰደዷቸው። አንበሴ ድንቁን ሊያባርረው ይፈልጋል፣ ግን የበሩን ቁልፍ አሠራር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ድንቁ በሙግቱ ገዥነቱን አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሩ ያለበትን መሬት። የወለተ ጉም ፋንታ እዚያ ላይ ነውና።

ማንያዘዋልስ? የጡት ልጅ ይወርሳል?

የአዘዞዋ፦

የጡት ልጅነት እንደ ልጅ ያስቆጥራል፣ ኑዛዜ ላይም ሊገባ ይችላል። ይርዳው በንስሐ አባቱ ፊት ተናዝዞለት ከሆነ ከራሱ ድርሻ ይካፈላል። ጉሙ ግን ማንያዘዋልን አያውቀውም፣ የደም ነገር ነው ብለሃላ። መሬት አለው፣ ወጥቶ መግባት ግን አይችልም። በየቀኑ ጧት ድንቁን «ክፈትልኝ» ማለት አለበት። ያንን ሁለታቸውን ብትጽፍልን እኔ ለአንበሴ ግድ የለኝም።

ቆይ ግን፣ ምዕራፍ 1 ላይ ጠላ የምትሸጠው ሴትዮ «ወንድሜ በር ላይ ነው የሚያድረው» ብላ አልነበር?

የቀሃ ልጅ፦

ብላለች። እህቱ ናት፣ ታናሹ። ስም እንኳ አላወጣሁላትም።

የአዘዞዋ፦

በል ስም አውጣላት። የጥሩነሽ ልጅ ከሆነች ድርሻዋ ከድንቁ እኩል ነው። በተዝካሩ ቀን ጠላ ልታቀርብ ዳሱ ውስጥ ትገባለች አይደል? ወንድሟ «የእናቴ ፋንታ» ብሎ ብቻውን ሲሞግት ሰምታ ዝም የምትል ከሆነ ምዕራፉን አላነበውም።

ሦስት መስመር፦

እኔ አሁን ማንበብ ጀመርኩ። ሊንኩን ላኩልኝ።